የአሥር ዓመት ልፋት በአንድ ደቂቃ
የቻይና ጥንታዊ ኦፔራ በአጫጭር ቪዲዮዎች አማካይነት ከወጣቱ ትውልድ ጋር እየተዋወቀ ነው

ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅም ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ኪነ ጥበብ ሁሉ አንድ ቀን ከባድ ጥያቄ ይገጥመዋል። አረጋውያኑ የሚወዱትን ወጣቱ ካልወደደው፣ ጥበቡን የተሸከሙት ሰዎች ሲያልፉ ጥበቡም አብሮ ያልፋል። የቻይና ጥንታዊ ኦፔራ ባለፉት አሥርተ ዓመታት የገጠመው ችግር ይኸው ነበር። በየትያትር ቤቱ ወንበር ላይ የሚታዩት አብዛኛውን ጊዜ ጠጉራቸው የሸበተ ሰዎች ሲሆኑ፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ዓይናቸውን የጣሉት በእጅ ስልካቸው ላይ ነበር። ዛሬ ታዲያ ያው የእጅ ስልክ፣ ወጣቱን ከኦፔራው አርቆታል ሲባል የነበረው መሣሪያ፣ መልሶ ወደ ትያትር ቤቱ በር እያመጣው ይገኛል።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ለውጡስ ለጥበቡና በጥበቡ ለሚተዳደሩት ሴቶች ምን አስገኘላቸው? ልጆቻቸው ስልክ ላይ ተደፍተው ለሚያስቸግሯቸው እናቶችስ የሚያካፍለው ቁም ነገር ይኖር ይሆን? በዛሬው ዓምዳችን ይህንኑ እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን እንዲገነዘቡልን እናሳስባለን።

ኦፔራው ምን ዓይነት ነው?

የቻይና ኦፔራ ሲባል አንድ ዓይነት ትርዒት ብቻ አይደለም። ከ2015 እስከ 2017 በአገሪቱ በተካሄደው ቆጠራ 348 ዓይነት ኦፔራዎች ተመዝግበዋል። እያንዳንዱ የሚዘፈነው በየአካባቢው ዘዬ ሲሆን የራሱ ዜማና የራሱ ወግ አለው። በዓለም ይበልጥ የሚታወቀው የፔኪንግ ኦፔራ ነው። መነሻውም በ1790 የንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግን ሰማንያኛ የልደት በዓል ለማክበር ከአንሁዊ ክፍለ ሀገር ወደ ዋና ከተማዋ የመጡ የትያትር ቡድኖች እንደሆኑ ይነገራል። ከዚህ የሚቀድመውን ኩንቹ የተባለውን ኦፔራ ዩኔስኮ በ2001፣ የፔኪንግ ኦፔራን ደግሞ በ2010 የሰው ልጅ ቅርስ አድርጎ ተቀብሏቸዋል።

ዘፈን፣ ንግግር፣ የእጅና የዓይን ምልክት፣ ውዝዋዜና የሰይፍ ግጥሚያ በአንድ ተዋናይ አካል ላይ ይገናኛሉ። መድረኩ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ተዋናይዋ ጨንገር መሳይ አለንጋ ከያዘች ፈረስ ላይ ተቀምጣለች ማለት ነው፤ መቅዘፊያ ከያዘች በጀልባ ላይ ናት። ከእጅ ጫፍ አልፎ የሚንጠለጠለው ረጅምና ነጭ እጅጌ «የውሃ እጅጌ» ይባላል፤ ሲወረወር ቁጣን፣ ሲሰበሰብ ኀፍረትን፣ ሲንቀጠቀጥ ኀዘንን ይናገራል። ፊት ላይ የሚቀባው ቀለምም ቋንቋ አለው። ቀይ የታማኝ ሰው፣ ጥቁር ፊት ሳያይ የሚፈርድ ዳኛ፣ ነጭ ደግሞ የተንኮለኛ ምልክት ነው።

ይህን ሁሉ ማንበብ የሚችለው ከልጅነቱ ጀምሮ ያየው ሰው ነው። ያላየው ግን ትርዒቱ ረጅም፣ ዜማውም የሚጎተት ይመስለዋል። የኦፔራው ችግር የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ቆጠራ እንዳመለከተው፣ ከ348ቱ ኦፔራዎች 120ዎቹ እያንዳንዳቸው የቀራቸው አንድ የመንግሥት የትያትር ቡድን ብቻ ነበር። ሌሎች 107 ደግሞ አንድም የመንግሥት ቡድን ስላልነበራቸው፣ በግል ቡድኖችና በመንደር አማተሮች ትከሻ ላይ ቀርተው ነበር።

ከሩዝ መውቂያ ገንዳ ላይ የተነሣ ጥበብ

ከእነዚህ ሁሉ መካከል ለዚህ ዓምድ አንባቢያን ይበልጥ ቅርብ የሚሆነው ዩዌ የተባለው ኦፔራ ነው። ይህ ኦፔራ የተወለደው በምሥራቅ ቻይና፣ በጀጂያንግ ክፍለ ሀገር፣ ዛሬ ሸንግጆው በምትባለው ወረዳ ሲሆን ዘመኑም 1906 ነበር። ቀደም ሲል ከቤት ቤት እየዞሩ ታሪክ በዜማ የሚያወሩ ወንዶች ገበሬዎች፣ አራት የሩዝ መውቂያ ገንዳዎችን ገልብጠው በላያቸው የቤት ሳንቃ ረብርበው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ተዋናይ ቆሙ። መድረካቸው ይኸው ነበር።

በቻይና ሴቶች ወደ መድረክ እንዳይወጡ ለረጅም ዘመን ስለተከለከለ፣ የሴቷን ሚና የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ኦፔራውን በ1919 ለጃፓን፣ በ1930 ለአሜሪካ፣ በ1935 ለሶቪየት ኅብረት ያሳዩት ዝነኛው ሜይ ላንፋንግም ወንድ ሆነው ሳለ ስማቸው የገነነው በሴት ሚና ነው። በዩዌ ኦፔራ ግን ነገሩ ተገላበጠ። በ1923 በዚያችው ወረዳ በምትገኝ አንዲት መንደር የሴት ልጆች ብቻ የኦፔራ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ልጃገረዶቹ በአብዛኛው የድሃ ገበሬ ልጆች ነበሩ። ለወላጆቻቸው አንድ አፍ መቀነሱ እፎይታ ነበር፤ ለልጆቹም ቢሆን ያለዕድሜ ከመዳር የተሻለ መውጫ ሆኖ ታያቸው። ተዋናይነት በዚያን ዘመን የተናቀ ሥራ ስለነበር ግን ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን የሰጡት እያለቀሱ ነው።

ልጃገረዶቹ ወደ ታላቋ የሻንጋይ ከተማ በተሻገሩ ጊዜ የጠበቋቸው ተመልካቾች እንደ እነርሱው ሴቶች ነበሩ። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠሩ፣ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚያድሩ፣ ከጀጂያንግ መጥተው በከተማዋ ጓዳ የሚውሉ የቤት እመቤቶች አዳራሹን ሞሉት። ትኬት መግዛት ያልቻለችውም በዘመኑ በተስፋፋው ራዲዮ ዜማውን እየሰማች ልብሷን ታጥብ፣ ወጧን ትሠራ ነበር። ወንዱንም ሴቱንም የሚጫወቱት ሴቶች ስለነበሩ፣ በመድረኩ ላይ የሚታየው አፍቃሪ የሰከነ፣ የማይሳደብና ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነበር። ይህም ለተመልካቾቹ እንግዳ ነገር ስለነበር ልባቸውን ሳበው።

በ11 ዓመታቸው ትምህርት ቤት የገቡት ዩዋን ሹዌፈን በ1942፣ ገና በ20 ዓመታቸው፣ የተጻፈ ቃለ ተውኔትና አዘጋጅ እንዲኖር፣ መብራትና አልባሳትም እንዲሻሻል በማድረግ ኦፔራውን መልክ አስያዙት። በ1947 ደግሞ በአዳራሽ ባለቤቶች ብዝበዛ የተማረሩ አሥር ስመ ጥር ሴት ተዋንያን፣ የራሳቸውን ትያትር ቤትና ትምህርት ቤት ለማቋቋም አብረው ትርዒት አሳዩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ «አሥሩ እህትማማቾች» የተባለው ስማቸው እስከ ዛሬ በአክብሮት ይነሣል።

የዩዌ ኦፔራን ከቻይና ውጭ ያስታወቀው የሊያንግ ሻንቦና የጁ ዪንግታይ ታሪክ ነው። ጁ ዪንግታይ ትምህርት የተጠማች ልጃገረድ ናት። በዘመኗ ሴት ልጅ ትምህርት ቤት ስለማትገባ የወንድ ልብስ ለብሳ ትማራለች፤ ከጎኗ የሚቀመጠውን ጓደኛዋንም ትወደዋለች። አባቷ ለሌላ ሲድራት ወጣቱ በኀዘን ይሞታል። የሠርጓ ዕለት በመቃብሩ አጠገብ ስታልፍ መቃብሩ ተከፍቶ ይቀበላትና ሁለቱም ቢራቢሮ ሆነው ይበራሉ። ይህ ታሪክ በ1954 የሕዝባዊት ቻይና የመጀመሪያው ባለ ቀለም የኦፔራ ፊልም ሆኖ ሲቀርብ፣ ልጃገረዲቱን ሆነው የተጫወቱት ዩዋን ሹዌፈን፣ ወጣቱን የሆኑት ደግሞ ሌላዋ ሴት ፋን ሩይጁዋን ነበሩ። በዚያው ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር ቹ ኤን ላይ በጄኔቫው ጉባኤ ላይ ፊልሙን ለውጭ እንግዶች ሲያሳዩ «የቻይና ሮሚዎና ዡልየት» ብለው እንዳስተዋወቁት ይታወቃል።

ከዚያ በኋላ ክፉ ዘመን መጣ። ከ1966 እስከ 1976 በቆየው የባህል አብዮት ጥንታዊዎቹ ኦፔራዎች ከመድረክ ታገዱ፤ ተዋንያኑም ተበተኑ። እገዳው ሲነሣ አንድ ትውልድ ኦፔራ ሳያይ አድጎ ነበር። ቀጥሎም ቴሌቪዥን፣ ከዚያም ኢንተርኔት ደረሰ።

ማሳጠር የተጀመረው ዛሬ አይደለም

አጭር ቪዲዮ ኦፔራን ይቆራርጠዋል ብለው የሚያዝኑ ሰዎች አሉ። ሆኖም ታሪኩን ላስተዋለ ሰው፣ ይህ ጥበብ ከጥንት ጀምሮ ተቆርሶ ሲቀርብ የኖረ ነው። በ1598 የተጻፈው «የፒዮኒው ድንኳን» የተባለው ታላቅ የኩንቹ ድርሰት 55 ትዕይንቶች አሉት። ሁሉን በአንድ ምሽት ማሳየት ስለማይቻል፣ ተዋንያን ከውስጡ የተወደደውን አንድ ትዕይንት ነጥለው ማቅረብ ጥንታዊ ልማዳቸው ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሸክላ ዘፈን ሲመጣ፣ የሸክላው አንድ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ስለነበር፣ ዘፋኞቹ ከረጅሙ ትርዒት ውስጥ ምርጡን ዜማ አውጥተው አስቀረጹ። በ1905 በፔኪንግ የተነሣው የቻይና የመጀመሪያው ፊልም ራሱ፣ ዝነኛው ተዋናይ ታን ሺንፔይ ከአንድ ኦፔራ ውስጥ ጥቂት ትዕይንቶችን ሲጫወቱ የሚያሳይ አጭር ሥራ ነበር።

ሸክላው፣ ፊልሙና ራዲዮው በየተራቸው ኦፔራውን አዳራሽ መግባት ላልቻለ ሰው አድርሰውታል። የዛሬው አጭር ቪዲዮም ከዚሁ መሥመር የሚቀጥል ነው።

ስልኩ ላይ የታየችው ተዋናይ

በቻይና ከሚታወቁት የአጭር ቪዲዮ አገልግሎቶች መካከል ዶውዪን የተባለው በ2016 የተጀመረ ሲሆን፣ በእኛ አገርም ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ቲክቶክ የዚያው ኩባንያ ሥራ ነው። አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። አንድ ቪዲዮ መጀመሪያ ለጥቂት ሰዎች ይቀርባል። እነዚያ ቆም ብለው ከተመለከቱት ኮምፒዩተሩ ለብዙዎች ያሠራጨዋል፤ ካለፉት ግን እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ኦፔራ ፈልጎ የማያውቅ ወጣት፣ ስለ ምግብና ስለ ስፖርት ሲመለከት ድንገት አንዲት ተዋናይ የውሃ እጅጌዋን ስትወረውር ሊያይ ይችላል። በ2020 መጀመሪያ በወረርሽኙ ምክንያት ትያትር ቤቶች ሲዘጉ ደግሞ፣ ብዙ ቡድኖች ምርጫ በማጣት በስልክ ፊት ቆመው መዝፈን ጀመሩ።

በብዛት የሚታዩት ቪዲዮዎች የተለያዩ ናቸው። አንዳንዱ የፊት አቀባቡን ሥርዓት ከባዶ ፊት ጀምሮ ያሳያል። ሌላው ልጃገረዶች የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ በልምምድ ክፍል ውስጥ ሲገለባበጡ ያቀርባል። የኦፔራ ተማሪዎች ከመኝታ ክፍላቸው ሆነው የዘመኑን ዘፈን በኦፔራ ድምፅ ሲዘፍኑም ይታያሉ። የአዛውንት ወንድ ሚና የምትጫወተው የፔኪንግ ኦፔራ ተዋናይ ዋንግ ፔይዩ፣ በቴሌቪዥንና በኢንተርኔት እየቀረበች ጥበቡን ለወጣቶች በማስረዳት ከታወቁት አንዷ ናት።

ከሁሉም ይልቅ ብዙ የተወራለት ግን በ2023 የታየው የዩዌ ኦፔራ ነው። በሃንግጆው ከተማ የሚገኘው የጀጂያንግ «ሺያዎባይኋ» የዩዌ ኦፔራ ቡድን፣ በነባሯ ተዋናይ በማዎ ዌይታዎ አነሣሽነት፣ «አዲሱ የዘንዶ በር ማረፊያ» የተባለ ትርዒት በመጋቢት ወር ለሕዝብ አቀረበ። መነሻው በ1992 የተሠራ ዝነኛ የሰይፈኞች ፊልም ነው። አዳራሹ ትንሽ ሲሆን፣ በውስጡ በበረሃ ያለ የእንግዶች ማረፊያ ተመስሎ ተሠርቷል። ተመልካቹ እንደ ማረፊያው እንግዳ በመካከሉ ይቀመጣል፤ ተዋንያኑም በአጠገቡ እየተመላለሱ ይዘፍናሉ፣ ይፋለማሉ።

በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ከዚህ ትርዒት የተቀነጨበ አጭር ቪዲዮ በድንገት ተሠራጨ። የወንድ ሚና የምትጫወተው ቼን ሊጁን፣ የማረፊያዋን ባለቤት ሆና የምትጫወተውን ሊ ዩንሺያዎን አቅፋ ስታሽከረክራት ያሳያል። ጊዜው ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው። በወሩ በዶውዪን በቀጥታ የተላለፈው ሙሉ ትርዒት ከ9 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታየ። የትያትር ቤቱ ትኬት ለሽያጭ በቀረበ ቁጥር ወዲያውኑ የሚያልቅ ሆነ፤ ከሌሎች ከተሞች በባቡር ተሳፍረው የሚመጡ ወጣት ሴቶች በዙ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ዩዌ ኦፔራ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ቼን ሊጁን የተወለደችው ገበሬዎቹ በመውቂያ ገንዳ ላይ በቆሙባት በሸንግጆው መሆኑ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያስደስታል።

ከዝነኞቹ በስተጀርባ ሌሎች ብዙ አሉ። በአነስተኛ ከተማ ያለ ቡድን ገበያና ክብረ በዓል እየጠበቀ የሚያሳየውን ትርዒት፣ አሁን ማታ ማታ በቀጥታ ያስተላልፋል። ተመልካቾች «ስጦታ» የሚባሉ ምልክቶችን በስልካቸው ገዝተው ይልካሉ፤ ኩባንያው ድርሻውን ካነሣ በኋላ የቀረው ለተዋንያኑ በገንዘብ ይደርሳል። ልጅ ወልዳ ከመድረክ ርቃ የነበረች ተዋናይ ከቤቷ ሆና መዝፈን ትችላለች። ከትውልድ ስፍራዋ ርቃ በፋብሪካ ከተማ የምትሠራ እናትም የአገሯን ዘዬ በኦፔራ ትሰማለች፤ በመንደር የቀሩት አያትም ያንኑ ዜማ በዚያው ሰዓት ይሰማሉ። ትልቅ ዝና ሳይኖር የሚገኝ ጥቅም ይህ ነው።

በስልክ የማይታየው

ቻይናውያን ስለ ኦፔራ ሲናገሩ «በመድረክ ላይ አንድ ደቂቃ፣ ከመድረክ ውጭ አሥር ዓመት» ይላሉ። ይህ አባባል ለዘመነ አጭር ቪዲዮ የተነገረ ይመስላል። የኦፔራ ተማሪዎች ሥልጠና የሚጀምሩት ብዙውን ጊዜ በአሥር ዓመታቸው አካባቢ ነው። ማለዳ ተነሥተው ድምፃቸውን ያሟሻሉ፤ እግራቸውን ከራሳቸው በላይ ሰቅለው ጅማታቸውን ያሳስባሉ፤ አንዷን የእጅ ምልክት ሺህ ጊዜ ይደጋግማሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ብሂላችን ለእነርሱም ይስማማል። ቼን ሊጁን ጓደኛዋን አቅፋ ስትሽከረከር የታየችው ለሴኮንዶች ነው። ያንን እንደ ቀላል ነገር ለማድረግ የቻለችው ግን ከአሥር ዓመት የበለጠ ትምህርትና ልምምድ ስላላት ነው።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የቪዲዮው አሠራር የሚሸልመው ዓይን የሚይዘውን ነው። ቆንጆ ፊት፣ ደማቅ ልብስና ፈጣን ሽክርክሪት ቶሎ ይሠራጫሉ። ረጅሙና ዝግ ያለው የኀዘን ዜማ፣ የአዛውንቷ ሚና፣ ከበሮ መቺውና አጃቢው ግን ብዙ ሰው አያቆምላቸውም። አንዲት ወጣት ተዋናይ ልምምዷን ትታ በየዕለቱ ቪዲዮ በመሥራት ብቻ ብትጠመድ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ የምታሳየው ነገር ያልቅባታል። ተመልካቹም የተዋናይዋን ፊት ወድዶ ጥበቡን ሳያውቅ ሊቀር ይችላል፤ እርሷ ከመድረክ ስትወርድ እርሱም አብሮ ይሄዳል። አንድ ብቻ ቡድን ለቀራቸው 120 ኦፔራዎች ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ጥቂት ሚሊዮን ተመልካች አግኝተው አንድ ተተኪ ተማሪ ካላገኙ መጥፋታቸው አይቀርም።

ስለሆነም ነገሩን በጥንቃቄ የያዙት ቡድኖች ቪዲዮውን እንደ በር ይጠቀሙበታል። ከቁራጩ ቀጥሎ የሙሉውን ትርዒት ቀንና ቦታ ያስታውቃሉ፤ የምልክቶቹን ትርጉም ያስረዳሉ፤ የልምምዱን ድካም ሳይደብቁ ያሳያሉ። በ2015 የቻይና መንግሥት ስለ ኦፔራ ባወጣው የድጋፍ መመሪያ መሠረትም ተዋንያን ወደ ትምህርት ቤቶች እየሄዱ ለልጆች ማሳየትና ማስተማር ተስፋፍቷል። በስልክ ያየውን በክፍሉ ውስጥ ያገኘ ልጅ፣ እጅጌውን ራሱ ይዞ ወርውሮ ያልተሳካለት ልጅ፣ የተዋናይዋን ችሎታ ከዚያ በኋላ አይዘነጋውም።

በቤት ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል?

ይህ ታሪክ የቻይና ነው፤ ስልኩ ግን በእያንዳንዳችን ቤት አለ። ልጅን ከስልክ በኃይል ማላቀቅ ለሠራተኛ እናት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ እናውቃለን። ጠዋት ወጥታ ማታ የምትመለስ እናት ቀኑን ሙሉ መቆጣጠር አትችልም። ከቻይና እናቶችና አያቶች የምንወስደው ቀላል ነገር ግን አለ። በብዙ ቤት ወጣቷ ልጅ ቪዲዮውን አይታ ስትገረም፣ ዜማውን ከነቃሉ የሚያውቁት አያቷ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ወሬው በሁለቱ መካከል ሆነ።

ከሥራ መልስ አሥር ደቂቃ ብቻ ተቀምጦ «ዛሬ ያየኸውን አሳየኝ» ማለት ከቁጣ የተሻለ ነገር ያስገኛል። ሕፃኑ የሚያሳየው የባህል ጭፈራ ወይም የእጅ ሥራ ከሆነ፣ ይህ ከየት አገር የመጣ ነው? ከዚህ በፊት ምን ነበር? ቀጥሎስ ምን ይሆናል? ይህን ለመቻል ስንት ጊዜ ተለማምደው ይሆን? ብሎ መጠየቅ ነው። ልጁ መልሱን ባያውቅ አብሮ መፈለግ፣ ሲገኝም ሙሉውን አብሮ ማየት፣ አቅም በፈቀደ ጊዜ ደግሞ ትርዒቱ ወደሚታይበት ስፍራ ይዞት መሄድ ይቻላል። ልጁ ወይም ልጅቱ «እኔም መማር እፈልጋለሁ» ያለ እንደሆነ፣ የአንዱ ደቂቃ ሥራ ያኔ ተፈጸመ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው አሥሩ ዓመት ነው፤ እርሱም ያለ እናት ትዕግሥትና ያለ ቤተሰብ ድጋፍ የሚገፋ አይደለም።